የእንጨት የሸራ መርከብ ሞዴል መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት የመጣ እንግዳ መደርደሪያው ላይ ያለችውን መርከብ ሲያይ የሚጠይቀኝ ነገር ሁሌም ያው ነው። መጀመሪያ «በእጅህ ነው የሠራኸው?» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔስ እችለው ይሆን?» ይለኛል። የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ አዎ፣ በእጄ ነው። የቀሩት መልሶች ረዘም ስለሚሉ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአናጺነት ሙያ የለኝም። መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቢላ ይዞ ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ፣ ከዚያ ደግሞ ኮላው እስኪደርቅ እጅን መሰብሰብ ይበቃል። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። እኔ ካበላሸኋቸው ነገሮች አብዛኞቹ የተበላሹት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ «እስኪ አንዷን ጣውላ ልጨምርና ልተኛ» ስል ነው። አሁን ሕግ አውጥቻለሁ፤ ማዛጋት ከጀመርኩ መብራቱን አጠፋለሁ።

በየትኛው መርከብ ልጀምር?

በትንሽ። ይህን ምክር ሁሉም ይሰማል፣ የሚቀበለው ግን የለም። እኔም አልተቀበልኩም።

ሰው የሚማረከው እንደ ቪክቶሪ ባሉት ግዙፎች ነው። ቪክቶሪ በ1765 ውሃ ላይ ወረደች፤ በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት የእንግሊዙ አድሚራል የኔልሰን መርከብ ነበረች። ዛሬም እንግሊዝ አገር ፖርትስማውዝ ቆማ ትጎበኛለች። ታምራለች፣ አልክድም። ግን በትራፋልጋር ጊዜ 104 መድፍ ነበራት። የታችኞቹ ደርቦች መድፎች ሞዴሉ ላይ ብዙ ጊዜ አፋቸው ብቻ ነው የሚታየው። እንደዚያም ሆኖ እያንዳንዷ የመድፍ መስኮት ተለክታ ትቆረጣለች፣ ክዳን ይሠራላታል፣ ማጠፊያ ይለጠፍላታል። ጀማሪ ሠላሳኛዋ ላይ ሲደርስ ይሰለቻል።

የእኔም የመጀመሪያ ሥራ ባለ ሦስት ምሰሶ ነበረች። ሳጥኗ ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁም ሳጥን ላይ ወጣች፤ ሁለት ዓመት እዚያው ተቀመጠች። ለምን እንደወጣች በኋላ እነግራችኋለሁ፣ ትንሽ ያሳፍራል። በመሃል አንዲት ባለ አንድ ምሰሶ ጀልባ ሠርቼ ጨረስኩ። ትልቋን ያወረድኳት ከዚያ በኋላ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ትልልቅ መርከቦች ይጭኗቸው የነበሩትን ጀልባዎች ወይም ሆዷ ዝርግ የሆነች የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ነው። ጣውላዎቻቸው ጥቂት ናቸው፣ ገመዳቸውም አይበዛም። ቀጥሎ ስኩነር የሚባለው ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ይምጣ። በ1921 በካናዳ ሉነንበርግ የተሠራችው ብሉኖዝ ጥሩ ምርጫ ናት። ዓሣም ታጠምድ ነበር፣ ውድድርም ታሸንፍ ነበር፤ ከሁሉም በላይ መድፍ የላትም።

ስኬሉን እንዴት ልምረጥ?

«1 ለ 72» ሲባል እውነተኛው መርከብ ላይ 72 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በሰው ቁመት ማሰብ ይቀላል። 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ በ1 ለ 48 ቁመቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ለ 72 ወደ 2.4 ይወርዳል፤ በ1 ለ 100 ደግሞ 1.7 ብቻ ነው። ያ ሰው የሚከፍተው በርና የሚወጣው መሰላልም አብረውት ያንሳሉ። ትንሽ ስኬል ይቀላል የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ቦታ ይቆጥባል፣ ዓይን ግን ይጨርሳል።

ትልቁም የራሱ ጣጣ አለው። የቪክቶሪ የታችኛው የመድፍ ደርብ ርዝመቱ 57 ሜትር ገደማ ነው። በ1 ለ 72 ይህ ብቻ 79 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከፊት የሚወጣው ግንድ ሲጨመርበት ሞዴሏ ከአንድ ሜትር ታልፋለች። ከመጀመራችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ መደርደሪያውን ለኩ። ቤት ውስጥ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለም አስቀድማችሁ አማክሩ።

1 ለ 48 ከየት መጣ ለሚል፣ ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ ሩብ ኢንች ለአንድ ፉት። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከተሠሩት ሞዴሎች ብዙዎቹ በዚህ ልክ ናቸው። አንዳንዶቹ የጎድን አጥንታቸው እንዲታይ ተብሎ የሆዳቸው የታችኛው ክፍል ጣውላ ሳይለብስ ቀርቷል። ግሪኒች የሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ብዙ አለው።

ኪት ልግዛ ወይስ ከባዶ ልሥራ?

ኪት። የተቆረጠ ኮምፔርሳቶ፣ ቀጫጭን ጣውላዎች፣ ክር፣ የናስ ዕቃዎችና ፕላን አንድ ላይ ይመጣሉ። ከባዶ መሥራት የሚያስደስተው ፕላን ማንበብ ከለመዳችሁ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚሄድበት የመሃል መንገድም አለ፤ ኪቱን ገዝቶ ደካማ የሆነውን መቀየር። እኔ ሁልጊዜ የምቀይረው ክሩን ነው። ከሳጥን የሚወጣ ክር ብዙ ጊዜ ፀጉራም ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አምራቹ ማን እንደሆነ አረጋግጡ። የሌላ ሰው ፕላን ሰርቀው የሚሸጡ አሉ፤ ዕቃውም ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ከምታስቡት ያነሰ። ምላጩ የሚቀየር ቢላ፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ትንሽ መጋዝ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወረንጦ፣ ሞረድ፣ በእጅ የሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ምላሶች ያሉት፣ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ 240 እና 400። ሞርሳ በሌለበት የልብስ መቆንጠጫ ይሠራል። ብዙ መቆንጠጫ ያስፈልጋችኋል፤ ስንት ነው ብትሉኝ፣ ካላችሁ ላይ አሥር ጨምሩ። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የዶለዶመ ምላጭ ስለሚገፋ ያመልጣል፤ ሲያመልጥ የሚያርፈው ጣት ላይ ነው።

መሣሪያ አጣሁ ብዬ ሳማርር የማስባቸው ሰዎች አሉ። በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የታሰሩ የፈረንሳይ ምርኮኞች ከቀለባቸው በተረፈ አጥንት መርከብ ይሠሩ ነበር። ሥጋውን ይበላሉ፣ አጥንቱን ቀቅለው ያነጣሉ፣ እየሰነጠቁ ጣውላ ያደርጉታል። ከዚያ እስር ቤቱ በር ላይ በሚቆመው ገበያ ይሸጡታል። ዛሬ እነዚያ መርከቦች ሙዚየም ውስጥ ናቸው። እኔ ደግሞ አንድ ወረንጦ ጠፋብኝ ብዬ ቅዳሜን አባክናለሁ።

የትኛው እንጨት ይሻላል?

የመርከቧ ሆድ ሁለት የጣውላ ልባስ ካለው፣ ለውስጠኛው ባስውድ ወይም ሊንደን። ለስላሳ ነው፣ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ስህተት ይችላል። ለላይኛው ልባስ ኪቶች ብዙ ጊዜ ዋልነት ይሰጣሉ። ቀለሙ ያምራል፣ ግን ሲታጠፍ ግትር ነው፣ ጠርዙም ይሰነጣጠራል። የፒር እንጨትና ቦክስውድ እንደ ቅቤ ይቀረጻሉ፤ የለመደ ሰው ወደነሱ ነው የሚሄደው። ባልሳ በጣም ስለሚላላ የመርከቧን የፊትና የኋላ ጫፍ ከውስጥ ከመሙላት በቀር አይጠቅምም።

እውነተኞቹ መርከቦች ከኦክ የተሠሩ ስለነበሩ ሞዴሉንም በኦክ ልሥራ የሚሉ አሉ። አይሆንም። መርከቡን በ72 እጥፍ ስታሳንሱት የኦኩ ቀዳዳዎች አብረው አያንሱም። ሞዴሉ ላይ እያንዳንዷ ቀዳዳ ክንድ የምታስገባ ጉድጓድ ትመስላለች። ደቃቅ እንጨት ነው ኦክን የሚመስለው።

ስትፈገፍጉ ማስክ አድርጉ። የጠንካራ እንጨት ብናኝ ለሳንባም ለአፍንጫም ጠንቅ ነው። ዞጲና እሱን የመሳሰሉ እንጨቶች ደግሞ ቆዳንም ያስቆጣሉ።

ጣውላ መለበጡ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

መርከቧ የምትለየው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ምሰሶ ቢጣመም ይነቀላል፣ ገመድ ቢላላ ይቆረጣል። ሆዷ ላይ ያለ እብጠት ግን በቫርኒሽ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሲያብረቀርቅ ይብስበታል።

አብዛኛው ኪት አንድ አከርካሪ አለው፤ ኪል ይባላል። አከርካሪው ላይ የጎድን አጥንቶች ይተከላሉ። ጣውላ ከመንካታችሁ በፊት የጎድን አጥንቶቹ ጠርዝ መሞረድ አለበት። አንድ ቀጭን ጣውላ ከፊት እስከ ኋላ አስተኙበት። ጣውላው እያንዳንዱን አጥንት በሙሉ ጠርዙ መንካት አለበት። የሆነ ቦታ ከዘለለ ወይም በጥግ ብቻ ከነካ፣ ገና ነው። እኔ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ከውጪ ሲያዩት ምንም የተሠራ አይመስልም።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። መሃል ላይ ያለውን የጎድን አጥንት ከላይ እስከ ኪሉ በወረቀት ቅዳጅ ለኩት። 120 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ጣውላው 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው 24 ረድፍ ያስፈልጋል። አሁን አፍንጫዋ አካባቢ ያለውን አጥንት ለኩ። እዚያ 72 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ረድፎቹ ግን ያው 24 ናቸው። 72ን ለ24 ስታካፍሉ 3 ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣውላ መሃሉ ላይ 5 ሆኖ ወደ ፊት 3 እስኪሆን ድረስ መሳሳት አለበት። ይህን ያልሠራ ሰው ጣውላዎቹ አፍንጫዋ ላይ እየተደራረቡበት መጨረሻ ላይ ስቱኮ ይለቀልቃል። ስሌቱ ከጣውላው ስፋት ከግማሽ በታች ካወጣ ደግሞ ማሳሳት አይበጅም፤ ጫፉ ሚስማር አይችልም። ያኔ የሁለቱ ረድፍ ጫፍ ወደ አንድ ሰፊ ጣውላ ይገባል። ከኋላ በኩል ተቃራኒው ያጋጥማል፤ ቦታው ስለሚሰፋ ሹል ጣውላ ጣልቃ ይገባበታል።

አሁን ወደ ቁም ሳጥኗ መርከብ። አንድ ጣውላ ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ እያፈራረቁ መለጠፍ እንዳለበት አንብቤ ነበር። ግራው ጎን ግን በጣም ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ስድስት ጣውላ ተከታትሎ ለጠፍኩ። ጠዋት ስነሳ ኮላው ደርቆ፣ የታጠፉት ጣውላዎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ስበው ኪሉን ጠምዝዘውታል። ከፊት ለፊት ሳያት አንገቷን ዘወር አድርጋ የምታይ ሰው መሰለችኝ። አልነቀልኩም፣ አላስተካከልኩም። ዝም ብዬ ክዳኗን ዘግቼ ሰቀልኳት።

ጣውላው ሲታጠፍ ይሰበርብኛል። ምን ላድርግ?

ለ20 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ አሙቁት። እንጨቱን የሚያለሳልሰው በዋናነት ሙቀቱ ነው። ቃጫዎቹን አጣብቆ የያዘው ሊግኒን የሚባለው ነገር ሲሞቅ ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ በአዲሱ ቅርጹ ይደርቃል። ካውያ ይሠራል፤ የፀጉር መተኮሻ ብረትም እንዲሁ። አሞኒያ የሚጨምሩ አሉ፣ አያስፈልግም፤ ቃጫውን ይጎዳል፣ ቤቱንም ያሸታል። ከታጠፈ በኋላ ቅርጹን እንደያዘ አስራችሁ አድርቁት። በርጥበቱ ከለጠፋችሁት ሲደርቅ ይሸማቀቅና ክፍተት ይተዋል።

ኮላውስ?

ለሆዷ ነጩ የእንጨት ኮላ። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ሱፐር ግሉ ለትንንሽ ነገር ብቻ፤ እንጨት ላይ ከፈሰሰ ቫርኒሽ የማይዘልቀው ነጠብጣብ ይተዋል። መስኮትም ክፈቱ፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል።

አበላሸሁ። ይነቀላል?

አዎ። ነጩ ኮላ በአልኮል ወይም በሙቅ ውሃ ይላላል፤ ሱፐር ግሉ በአሴቶን። በጥጥ እያስነካችሁ ጠብቁ፣ አትታገሉት።

ወለሉ ላይ በጣውላዎቹ መካከል የሚታየው ጥቁር መስመር እንዴት ይሠራል?

በእርሳስ። እውነተኛው መርከብ ላይ ክፍተቱ በቃጫና በዝፍት ይደፈን ነበር። እናንተ የእያንዳንዱን ጣውላ ጠርዝ በለስላሳ እርሳስ ቀቡና ለጥፉ። ጠርዙን ብቻ! ማርከር አትሞክሩ፤ ቫርኒሹ ሲነካው ይዘረጋና ወለሉ በሙሉ ይቆሽሻል። የአንዱ ርዝመትም ይታሰብበት። እውነተኞቹ ጣውላዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ አልነበሩም። በ1 ለ 72 ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እየቆረጡ ማፈራረቅ ያስኬዳል።

ሆዷን መዳብ ላልብሳት?

እንደ ዘመኗ ነው። እንጨት የሚበሉ የባሕር ትሎችን ለመከላከል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መዳቡን በ1761 አላርም በተባለች የጦር መርከብ ላይ ሞከረ፤ በሰፊው የተዳረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የኮሎምበስን ሳንታ ማሪያ መዳብ ያለበሰ ሞዴል አይቻለሁ። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድማለች።

ገመዱ ያስፈራኛል።

ያስፈራል። ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። ምሰሶዎቹን አቁሞ የሚይዘው ቋሚው ገመድ ሬንጅ የተቀባ ስለነበር ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይሁን። ሸራውን የሚስበውና የሚለቀው ተንቀሳቃሹ ገመድ ነጣ ያለ ነው። መጀመሪያ ቋሚው፣ ከዚያ ተንቀሳቃሹ፤ ከመሃል ወደ ውጪ። ከውጪ ከጀመራችሁ እጃችሁ መግቢያ ያጣል።

ክሩን ከመጠቀማችሁ በፊት በሰም ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጎትቱት። ፀጉሩ ይተኛል፣ ቋጠሮውም ይይዛል።

ሰው የሚሸሸው መርከበኞች የሚወጡበትን የገመድ መሰላል ነው። እውነተኛው መርከብ ላይ በደረጃዎቹ መካከል ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1 ለ 64 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወረቀት ላይ በየ6 ሚሊ ሜትሩ መስመር አስምሩና ከገመዶቹ ኋላ ለጥፉት። በመስመሩ ላይ እያንዳንዱን ቋሚ ገመድ በክሩ ሁለቴ ዙሩና እሰሩ። ቋጠሮውን አታጥብቁ። እያንዳንዱ ቋጠሮ ትንሽ ትንሽ ከሳበ፣ ሃያኛው ላይ መሰላሉ ወገቡ ላይ መቀነት የታጠቀ ሰው ይመስላል። እኔ በየአምስት ደረጃው ተነስቼ ከሩቅ አየዋለሁ። ሬዲዮ ከፍቶ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሸራ ልስቀልላት?

እኔ አልሰቅልም። በጨርቁ ክር ውፍረት ምክንያት ሸራው ብዙ ጊዜ ብርድ ልብስ ይመስላል፣ የለፋችሁበትንም ገመድ ይሸፍናል። ከወደዳችሁ ተጠቅልሎ የታሰረ ሸራ አድርጉ፤ ያምራል።

የታሪክ ትክክለኛነት ምን ያህል ያስጨንቀኝ?

መርከቧን እዩ። የሳንታ ማሪያ ፕላን የለም። በገበያ ላይ ያሉት ሁሉ ግምት ናቸው፤ ስለዚህ ማንም ተነስቶ «ተሳስተሃል» ሊላችሁ አይችልም። የስዊድኗ ቫሳ ግን ሌላ ናት። በ1628 ስቶክሆልም ላይ በመጀመሪያ ጉዞዋ ሰጠመች፣ በ1961 ወጣች፤ እስከ ሚስማሯ ተለክታለች። እሷም ብትሆን ሰዎችን አሳስታለች። ኋላዋ ለረጅም ጊዜ በሰማያዊ ሲሣል ኖሮ፣ የቀለም ቅሪቶቹ ሲመረመሩ ቀይ ሆኖ ተገኘ። ሰማያዊ ቫሳ ያላችሁ አትደንግጡ፤ በዘመናችሁ እውቀት ሠርታችኋል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ትንሿ ጀልባ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ብትሠሩ ጥቂት ወራት። ባለ ሦስት ምሰሶ የጦር መርከብ ዓመታት። ሰዓት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ቆጥሬ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች?

አትሞክሩት። ከላይ ትከብዳለች፣ ከታች ክብደት የላትም፤ በጎኗ ትተኛለች። ነጩ ኮላም ውሃ አይወድም።

ጠርሙስ ውስጥ ያሉት እንዴት ነው የሚገቡት?

ምሰሶዎቹ ከሥራቸው ይታጠፋሉ። መርከቧ ተኝታ በጠርሙሱ አንገት ትገባለች፤ ውጪ የቀረው ክር ሲሳብ ትነሳለች። ከዚያ ክሩ ይለጠፍና ይቆረጣል። ቀላል ነው አላልኩም።

ካለቀች በኋላ እንዴት ልጠብቃት?

በመስታወት ሳጥን። ገመድ ላይ የተቀመጠ አቧራ ከወራት በኋላ በለስላሳ ብሩሽም እሺ አይልም። ፀሐይ በቀጥታ አይንካት፤ ዋልነት ይነጣል፣ ክር ይሰባበራል። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የሳጥኑ እንጨት ኦክ ከሆነና አየር ካላገኘ፣ ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት የእርሳስ ብረት ዕቃዎችን ይበላል። መልህቁና መድፉ ነጭ ዱቄት ያወጣሉ። ከታች ጥቂት የአየር ቀዳዳ ተዉለት።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጠማማ ሆነ። ልጣለው?

ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረችው ባለ ሦስት ምሰሶ ተጨርሳለች። እንግዶቼ የሚያደንቋት እሷን ነው። መጠምዘዟ የሚታወቀው ከፊት ለፊት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ወፍራም መዝገበ ቃላት አቁሜአለሁ።